ለፈጣን መኪና የፍሬን ሸራ አመራረጥ፦ ከመግዛትዎ በፊት፣ ሲገዙና ከገጠሙ በኋላ

ጉልበት ያለው መኪና የያዘ ሰው የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ ሲገዛ ማየት የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ካሊፐሩ (ሸራውን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል) ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ይገባል፣ ግን ወይ ይጮኻል፣ ወይ ጠዋት ጠዋት አይዝም፣ ወይ እንጦጦን ወርዶ ሲጨርስ ይጨሳል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የብራንዱ አይደለም። መኪናው ምን ፍሬን እንዳለው ሳይታወቅ፣ የሚነዳበትም መንገድ ሳይመዘን በስም ብቻ ስለሚገዛ ነው።

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሆኖ ቁልቁለትና የፍጥነት መንገድ ለሚያዘወትር ሰው ነው። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 1ን።

ደረጃ 1፦ መኪናዎ የትኛውን ፍሬን እንደገጠመ ያረጋግጡ

«ጎልፍ ጂቲአይ ነው፣ የዚህ ዓመት ሞዴል» ብሎ ገበያ መሄድ አይበቃም። አንድ ሞዴል በአንድ ዓመት ሁለትና ሦስት ዓይነት ፍሬን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሰባተኛው ትውልድ ጂቲአይ ለምሳሌ የፊት ዲስኩ 312 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፐርፎርማንስ ፓኬጅ ያለው ግን 340 ነው። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስና ኤስቲአይም ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ የኤስቲአዩ ብሬምቦ ካሊፐር የሚቀበለው ሸራ ግን ሌላ ነው።

1. ሊብሬውን አውጥተው የሻንሲ ቁጥሩን ይገልብጡ። ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው ጋር ያመሳክሩ። ባለ 17 ምልክት መሆን አለበት። ፎልክስዋገንና ኦዲ ከሆነ የትርፍ ጎማው ቦታ ወይም የሰርቪስ መጽሐፉ ላይ የተለጠፈውን የኮድ ወረቀት ፎቶ ያንሱ፤ የፍሬኑ ዓይነት እዚያ ውስጥ አለ።

2. ይህ ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ብቻ ይነግርዎታል። አገር ውስጥ የገባው ያገለገለ ሆኖ፣ ወይም ተጋጭቶ ተሠርቶ ከሆነ ካሊፐሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎማውን ይፍቱ። ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደግፉ፣ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ያላሉ፣ ከዚያ በክሪክ ያንሡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳያስገቡ እጅዎን ከሥሩ አያስገቡ።

3. የዲስኩን ስፋትና ውፍረት ይለኩ። ካሊፐሩ ላይ ተቀርጾ ያለውን ጽሑፍ ይመዝግቡ። ሸራውን የሚገፋ ስንት ፒስተን እንዳለው ይቁጠሩ።

4. የድሮውን ሸራ አውጥተው ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሱት፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን። ኋላው ብረት ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ይጻፉ። የአውሮፓ ሸራዎች ላይ ብዙ ጊዜ ባለ አምስት አኃዝ የቅርጽ ቁጥር አለ፤ አምራቹ ቢለያይም ቅርጹ አንድ ከሆነ ቁጥሩ አንድ ነው። የማለቂያ ምልክት ሰጪ ሽቦ ካለ የሶኬቱን ቅርጽ ጭምር ያንሱ።

*አሮጌው ሸራ የሚናገረው*

ከመጣልዎ በፊት ያንብቡት፤ ቀጣዩ ሸራ ምን መሆን እንዳለበት የሚነግርዎ እሱ ነው። በተንሸራታች ካሊፐር ላይ የውስጠኛው ሸራ ከውጪኛው በጣም ቀድሞ ካለቀ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ወይም ፒስተኑ ተይዘዋል። አንድ ጎኑ ቀጥኖ ሌላው ወፍሮ ከተበላም እንደዚያው ነው። ፊቱ እንደ መስታወት ካበራ ግሏል፣ ወይም ገና ሲገጠም በትክክል አልተለማመደም። ጠርዙ ነጥቶ ከተፈረፈረ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል ማለት ነው፤ ለእርስዎ መንገድ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሸራ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ እኩል አልቆ ንጹሕ ከሆነ፣ ያንኑ ዓይነት ይግዙ። ብዙ ሰው ይህን መልስ አይወደውም፤ ግን ትክክለኛው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ መንገድዎን ይመዝኑ

ሸራ የሚመረጠው በመኪናው ፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም። ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ፍሬኑን በቀኑ የመጀመሪያ ጊዜ ስረግጠው ምን ያህል ቀዝቃዛ ነው? በጣም ሲግልስ የት ላይ ነው?

ለግለቱ አንድ ስሌት እነሆ። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ ከ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰባት ጊዜ ያህል ፈጽሞ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወይም ከሱሉልታ በኩል ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ከዚህ ጉልበት ሞተሩ ያልያዘው ሁሉ ዲስኩ ላይ ሙቀት ይሆናል። በሲኖትራክ ኋላ ተይዘው፣ አውቶማቲኩን ዲ ላይ ትተው፣ እግርዎን ፔዳሉ ላይ አስተኝተው ከወረዱ ደግሞ ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ነፋስ እንኳ አያገኝም። በአንጻሩ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ከ120 አንዴ ጠንክሮ መያዝ ከባድ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሚቀዘቅዝበት ረጅም መንገድ አለ። ስለዚህ ሸራን አብዝቶ የሚፈትነው ፍጥነቱ ሳይሆን ዝግታው የበዛበት ቁልቁለት ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የፍሬን ሰርቮ (የእግርዎን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ የሚያግዝዎም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ «ጥሩ ነው» የተባለ፣ ሲቀዘቅዝ ደካማ የሆነ ሸራ እዚህ ፔዳሉን ያደነድናል። ከውጭ አገር የሚጻፉ ምስክርነቶችን ስታነቡ ይህን አስቡበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት የተለየ ነገር አለ። ክብደቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪ ስለሚሞላ ሸራው አይነካም፣ ዲስኩም ይዝጋል። ሱሉልታ ቤትዎ ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልተው ጠዋት ቁልቁል ከወረዱ ግን ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ሙሉ ክብደቱ በድንገት ሸራው ላይ ይወድቃል። ከላይ የሚነሡ ከሆነ ከ80 ወይም ከ90 በመቶ በላይ አይሙሉት።

ደረጃ 3፦ የሸራውን ዓይነት ይምረጡ

*ኦርጋኒክ።* ለስላሳ፣ ጸጥተኛ፣ ርካሽ። ለቤት መኪና እንጂ ለጉልበተኛ መኪና አይሆንም። ይለፉት።

*ሴራሚክ።* አቧራው ጥቂት፣ ድምፁ ዝቅተኛ፣ ዲስክ አይበላም። በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሄድ መልካም ነው። የመንገድ ሴራሚክ ሸራዎች ብዙዎቹ ግን ለተደጋጋሚ ከፍተኛ ግለት አልተሠሩም። እንጦጦን በየቀኑ ለሚወርድ ከባድ መኪና የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

*ጥቂት ብረት ያለበት።* የጀርመን መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ቸርኬውን በጥቁር አቧራ ይሸፍነዋል፤ ሲቀዘቅዝም ሲግልም ግን ይይዛል። ለፋብሪካ ሸራ ከሚያቀርቡት ውስጥ ቴክስታር፣ ኤቲኢ፣ ፓጊድና ብሬምቦ ይገኙበታል። ከአሥር ሰው ለስምንቱ የሚበቃው ይህ ነው፤ አቧራውን ማጠብ ነው።

*ለፈጣን መንገድ የተሠራ።* እንደ ፌሮዶ ዲኤስ 2500 ወይም እንደ ሃውክ ኤችፒኤስ ያለው። ከፋብሪካው ይልቅ ሙቀት ይችላል። መኪናው ጉልበት ከተጨመረለት ወይም አሮጌው ሸራ ጠርዙ የተፈረፈረ ከሆነ ወደዚህ ይሂዱ። ትንሽ ሊጮህ ይችላል።

*የውድድር ሸራ።* አይግዙ። ሥራውን የሚጀምረው ከጋለ በኋላ ነው። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ከግቢ ሲወጡ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ድንገት ሲገባብዎት፣ መኪናው የሚይዘው ግማሽ ልብ ሆኖ ነው። ዲስኩንም ይፍቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ፦

- ዲስክዎ ካርቦን ሴራሚክ ከሆነ አምራቹ ለእሱ ብሎ ከፈቀደው ሸራ በቀር ምንም አይግጠሙ። «ሴራሚክ ሸራ» የሚል ሳጥን ለዚያ ዲስክ ተሠራ ማለት አይደለም፤ እሱ ለተራ ብረት ዲስክ ነው። ከተሳሳቱ የሚያጡት ዲስኩን ነው፣ ዋጋው ደግሞ የሸራውን ብዙ እጥፍ ነው።
- የፊቱን ደካማ ትተው የኋላውን ብቻ ጠንካራ አያድርጉ፤ ሲይዙ የኋላው ቀድሞ ይያዝና መኪናው ይዞራል። በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኝ ሁሌም አብረው ይቀየራሉ።

ደረጃ 4፦ የኋላውን ብረት ያንብቡ

ሸራው በተለጠፈበት ብረት ላይ ካለው ኮድ መጨረሻ አካባቢ ሁለት ፊደሎች ጎን ለጎን ይፈልጉ። የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል የሚኖረውን የመያዝ ኃይል ያሳያሉ። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ለእኛ ከፍታ ቢያንስ ኤፍኤፍ ይፈልጉ። ጂኢ የሚል ካዩ ሲቀዘቅዝ በደንብ ይዞ ሲግል የሚከዳ ነው፤ ለቁልቁለት የሚሆን አይደለም።

ፊደሎቹን ግን አያምልኩ። የሚለኩት በትንሽ ናሙና ላይ ነው፤ ስለ ዕድሜው አይናገሩም፣ ከመለኪያው በላይ ሲግል ምን እንደሚሆንም አይነግሩም። አንድ ደካማና አንድ ጠንካራ ሸራ ሁለቱም ኤፍኤፍ ሊሆኑ ይችላሉ።

የአውሮፓ ገበያ ሸራ ላይ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ ቀጥሎም 90አር የሚል አለ። ይህ ሸራው ከፋብሪካው ሸራ ጋር ተወዳድሮ ሥራው በ15 በመቶ ክልል ውስጥ መገኘቱን ያመለክታል። ለመንገድ ከሚሆን ሸራ እጠብቀዋለሁ። ለውድድር የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ አይኖራቸውም፤ አለመኖሩ ራሱ መልእክት ነው።

ደረጃ 5፦ ሲገዙ

ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የድሮውን ሸራ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ለሻጩ የመኪናውን ስም ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩን ይስጡትና በካታሎግ ይየው። ከመክፈልዎ በፊት «ካልገጠመ እመልሳለሁ» ይበሉት፤ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉት። ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ አለ።

ሳጥኑን እዚያው ይክፈቱ፦

- አራቱም ሸራ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የተለያየ ከሆነ ከተለያየ ሳጥን ተለቅሟል።
- አዲሱን ከአሮጌው ጋር ጀርባ ለጀርባ ያጋጥሙ። የብረቱ ጆሮዎች፣ ቀዳዳዎችና የፒስተኑ አሻራ ማረፊያ መመሳሰል አለባቸው።
- ጠርዙን በጥፍር ይሞክሩ። ከፈረፈረ ወይም ሸራው ከብረቱ ጋር የተገናኘበት መስመር ክፍተት ካሳየ አይቀበሉ።
- ጽሑፉ የተቀረጸ ወይም ጥርት ብሎ የታተመ ነው? በጣት ሲታሽ የሚለቅ ቀለም መጥፎ ምልክት ነው። አንዳንድ አምራቾች ሳጥኑ ላይ በስልክ የሚቃኝ ኮድ ያደርጋሉ፤ እዚያው ይቃኙት።

በአሮጌ ብረት ላይ አዲስ ሸራ ለጥፎ የሚሰጥ ባለሙያ ርካሽ ነው። ለፈጣን መኪና ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ማጣበቂያው ግለቱን ካልቻለ ሸራው ከብረቱ ተላቆ ይወድቃል፣ ከዚያ ብረት በብረት ነው።

አገር ውስጥ ከሌለ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሸራው 5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይዘዙ፣ 3 ሲቀረው ይቀይሩ። የማለቂያው መብራት እስኪበራ የሚጠብቅ ሰው የተገኘውን ሸራ ይገዛል።

ደረጃ 6፦ ሸራውን ከመግጠምዎ በፊት ዲስኩንና ዘይቱን ይዩ

ዲስኩ ላይ፣ ጠርዙ ወይም መሐሉ አካባቢ፣ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጾ አለ። በቨርኒየር (ውፍረት መለኪያ) በተለያየ ቦታ ይለኩ። ከዚያ ቁጥር ካነሰ ወይም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ይቀየር። ቶርኖ ቤት ማስላጥ የሚቻለው ከተላጠም በኋላ ከዝቅተኛው በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው።

የፍሬን ዘይቱን ደግሞ ችላ አይበሉ። ብዙዎች «ሸራው ከዳኝ» የሚሉት ዘይቱ ፈልቶ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፣ እርጥበት ሲገባው ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ከፍታችን ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሰዋል። ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ። ዶት 5.1 ከዶት 4 ጋር ይስማማል፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ አይቀላቅሉት። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ጣሳም አይጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ሲገጠም

መካኒክ ቢሠራውም አጠገቡ ይቁሙ።

1. አቧራውን በኮምፕሬሰር አያስነፉ። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በፍሬን ማጽጃ ወይም በውሃ አርጥበው ይጥረጉ።
2. የኤሌክትሮኒክ የእጅ ፍሬን ካለ፣ የኋላውን ከመንካትዎ በፊት በመመርመሪያ ማሽን ወደ ሰርቪስ ሁኔታ ያስገቡት። በጉልበት ከተገፋ የእጅ ፍሬኑ ሞተር ይሰበራል። እየዞረ የሚገባ ፒስተንም አለ፤ እሱን ቀጥ አድርገው አይግፉት።
3. ፒስተኑ ሲገፋ ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ሊገነፍል ይችላል። አስቀድመው ይቀንሱለት፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይጠቡ።
4. ካሊፐሩን በቱቦው አያንጠልጥሉት። በሽቦ አስረው ይስቀሉት።
5. ፒኖቹን አጽድተው ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ይቀቡ። የሸራው ፊት ላይ የግራሶ ጠብታ እንኳ ከነካ ሸራውን አይግጠሙት።
6. ሸራው ላይ ቀስት ካለ ዲስኩ ወደ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ነው የሚያሳየው። የውስጥና የውጪውን አያለዋውጡ።
7. ሸራው ሲገባ ከጠበቀ ሞረድ አያንሡ። መጀመሪያ ማረፊያውን ዝገት ይፋቁ። ያኔም ካልገባ ክፍሉ ስህተት ነው፣ ይመልሱት።
8. መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ይህን ረስቶ ከግቢ የወጣ የመጀመሪያው ፍሬን እምቢ ይለዋል።

ደረጃ 8፦ ሸራውን ያለማምዱ

ሳጥኑ ውስጥ የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱን ይከተሉ። ከሌለ፦

ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በመጠነኛ ኃይል ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ያቀዝቅዙ፤ በየመሐሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይንዱ። ለፈጣን መንገድ የተሠራ ሸራ ከሆነ ከ90 ወደ 30 ጠንከር አድርገው አምስት ጊዜ ይጨምሩ። ፈጽሞ አይቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ በተቻለ መጠን አሥር ደቂቃ ይንዱ። በጋለ ዲስክ ላይ ቆሞ ፔዳሉን ይዞ መቆየት የሸራውን አሻራ ዲስኩ ላይ ይተዋል።

ቦታ ሲመርጡ ሱሉልታ መንገድን በማለዳ አይምረጡ፤ በሯጮች የተሞላ ነው። የፍጥነት መንገዱም ከኋላ በ120 የሚመጣ ስላለ አይሆንም። ቀጥ ያለ፣ ሰው የማያቋርጠው፣ ሜዳ አስፋልት ይፈልጉ፤ ረፋድ ላይ ጎን የሚቀመጥና ኋላን የሚያይ ሰው ይያዙ።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማውን ዳዶዎች እንደገና ያጥብቁ።

ደረጃ 9፦ አልሆን ሲል

*ይጮኻል።* የጸጥታ ሽፋኑና ስፕሪንጎቹ መግባታቸውን ይዩ። ካሉ እንደገና ያለማምዱ። በዝግታ ብቻ የሚጮህ የፈጣን መንገድ ሸራ ከሆነ ጠባዩ ነው።

*መሪው ይንቀጠቀጣል።* ዲስኩ «ተጣመመ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሸራ ቅሪት ያልተስተካከለ ሆኖ ተለጥፎበት ነው። ማለማመዱን ይድገሙ። ካልለቀቀ ዲስኩ የተቀመጠበትን ፊት ዝገት ያጽዱና ይለኩ።

*ወደ አንድ ጎን ይስባል።* ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራ፣ አለዚያ የተያዘ ካሊፐር። ወዲያው ወደ ጋራዡ ይመልሱት።

*ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አይዝም።* ሸራው ግሏል። ማርሽ ይቀንሱ፣ ደኅና ቦታ ይቁሙ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ አይድፉበት፤ ዲስኩ ይሰነጠቃል። ሁልጊዜ የሚደርስብዎ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመልሰው አንድ ዓይነት ከፍ ይበሉ።

*ፔዳሉ እየለሰለሰ ይሰምጣል።* ይህ የሸራ ጉዳይ አይደለም። ዘይቱ ፈልቷል፣ አየር ገብቷል ወይም ይፈስሳል። ፔዳሉን ደጋግመው ይምቱ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይጠቀሙ። ከቆሙ በኋላ ቀዝቅዞ ፔዳሉ ቢመለስ እንኳ አይንዱት፤ ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ፣ ዘይቱ ተቀይሮ አየሩ ከአራቱም ጎማ ይውጣ።